ጣፊያው አንድ፣ ሕመሙ ሁለት

ስለ ጥንታዊው የግሪክ ሕክምና ሲወራ ዝናውን ጠቅልሎ የሚወስደው ቢላዋ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ሄሮፊሎስና ኤራሲስትራቶስ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች፣ በጦለሚ ነገሥታት ጥላ ሥር ሆነው፣ የሰውን ሬሳ ከፍተው አዩ። ቦታው ግሪክ አይደለም፤ እኛ ለ1,600 ዓመታት ያህል ጳጳስ ስናስመጣባት የኖርነው እስክንድርያ ናት። የሰው ልጅ የውስጥ አካል መጀመሪያ በሥርዓት የተጠናው አፍሪካ ምድር ላይ ነው ማለት ነው፤ ይህን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ሄሮፊሎስ ነርቭን ከደም ሥር ለየ፣ የማሰብ ሥራ የአንጎል መሆኑን አስረዳ፣ የትንሹን አንጀት መነሻ በአሥራ ሁለት ጣት ለክቶ ሰየመ፣ የልብ ምትን በውኃ ሰዓት ቆጠረ። ሮማዊው ኬልሱስ በኋላ እንደጻፈው ከሆነ፣ ሁለቱ ከነገሥታቱ የተቀበሏቸውን እስረኞች በሕይወት ሳሉም ቀደዋል። ክሱ እውነት ይሁን ሐሜት እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ክርክር ግን ከግሪኮች ውርስ ለሊቦ ከምከሟ ይፋግና ለአካባቢዋ ይበልጥ የሚያስፈልገው ከቢላዋው በፊት የነበረው ነው የሚል ነው። ማስረጃዬም ጣፊያ ነው።

ጣፊያን ለማወቅ እስክንድርያ መሄድ አያሻም። ለበዓል ቅርጫ የገባ የይፋግ አባወራ ሁሉ ከበሬው ጨጓራ ጎን ተለጥፎ የሚገኘውን ያንን ረዘም ያለ ጥቁር ቀይ ሥጋ ያውቀዋል። ጥንታውያኑም አብዛኛውን ነገር ያወቁት እንዲሁ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው ገሌን እንኳ፣ በጴርጋሞን የግላዲያተሮች ሐኪም ሆኖ ቁስል ውስጥ ያየውን ያህል ቢያይም፣ የቀደደው ዝንጀሮ፣ አሳማና በሬ ነበር። የሰው አጥንት ማየት ለሚፈልጉት እስክንድርያ ሂዱ ይላቸው ነበር። በእንስሳት አንጎል ሥር ያየውን የደም ሥሮች መረብ ለሰውም ሰጠው፤ ያልነበረው መረብም እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ በመጻሕፍት ኖረ። ጣፊያንም ጥቁር ሐሞት ይሉት የነበረው ፈሳሽ ማጣሪያ አደረገው። ቦታውን በትክክል አውቆ ሥራውን ሳተ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጽሑፍ አለ። በሂፖክራጥስ ስም የሚጠራው፣ ስለ አየር፣ ስለ ውኃና ስለ ቦታ የሚናገረው መጽሐፍ፣ ሐኪም ወደማያውቀው ከተማ ሲገባ መጀመሪያ ነፋሱን፣ ውኃውን፣ አፈሩንና የሕዝቡን አኗኗር እንዲመረምር ያዝዛል። የረግረግ ውኃ የሚጠጡ ሰዎች ጣፊያቸው ትልቅና ጠንካራ እንደሚሆን፣ ትከሻቸውና ፊታቸው ግን እንደሚመነምን ይናገራል፤ ምክንያቱን ሲሰጥ ሥጋቸው ሟሙቶ ወደ ጣፊያ ስለሚወርድ ነው ይላል። ምክንያቱ ከንቱ ነው። ሥዕሉን ግን በጣና ዳር ያለውን የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ጤና ባለሙያ አይስተውም፤ ሆዱ የተነፋ፣ ክንዱ እንጨት የሆነ ልጅ።

ያ ሥዕል ሊቦ ከምከም ወረዳ ውስጥ በ1990ዎቹ አጋማሽ በርክቶ ታየ። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ሰውየው ይገረጣል፣ ጣፊያው ያብጣል። ሁሉም ወባ አለ፤ ማለቱም አያስወቅስም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በደጋውና በወይናደጋው ሦስት ሚሊዮን ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። የጎንደር የጤና ኮሌጅ ራሱ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም አንዱ ምክንያት የደምቢያ ወባ ነበር። በጣና ዙሪያ ጣፊያ ሲያብጥ ወባ ማሰብ ከአባት የተወረሰ ነው። መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ግን ነገሩ ተመረመረ፤ ግንቦት 1997 ዓ.ም.፣ አገሩ ሁሉ ስለ ምርጫው በሚያወራበት ሰሞን፣ ካላዛር የሚባለው በሽታ መሆኑ ታወቀ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ማከሚያ ከፈተ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰው ታከመ።

ጣፊያው አንድ ነው፤ ሕመሙ ሁለት። የወባን ተውሳክ ላቬራን የተባለ ሐኪም በ1880 እ.ኤ.አ. በደም ውስጥ አየ፤ የካላዛሩን ሌሽማንና ዶኖቫን የተባሉ ሐኪሞች በ1903 እ.ኤ.አ. አስታወቁ። እዚህ ላይ ቢላዋው ጠበቃ ያገኛል፤ ሌሽማን ያገኘው ከሞተ ወታደር ጣፊያ ነው። ዛሬም ቢሆን የአካል ዕውቀት ባይኖር ምርመራው አይታሰብም። ሐኪሙ በሽተኛውን በጀርባው አስተኝቶ ጉልበቱን ያሳጥፈዋል፣ መዳፉን ከግራ የጎድን አጥንት ሥር ያሳርፋል፣ በረጅሙ ይተንፍሱ ይላል። አየሩ ሲገባ ጣፊያው ወርዶ ጣቱን ይገፋዋል። ከጎድኑ ጫፍ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ይለካል። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ካልበቃና ሆስፒታሉ ዐቅም ካለው፣ ቀጭን መርፌ ወደ ጣፊያው ገብቶ ይወጣል፤ በሽተኛው ቶሎ ደም የማይረጋለት ከሆነ ግን አደጋ ስለሆነ አይሞከርም። ይህን ሁሉ ያለ ሄሮፊሎስ ልጆች ማድረግ አይቻልም፤ እቀበላለሁ።

ነገር ግን እጁ ጣፊያው አብጧል ብሎ ከነገረን በኋላ ዝም ይላል። የሊቦውም ፈተና እዚያ ላይ ነበር፤ ጣፊያው ማበጡን ማንም አልሳተም። ካላዛር በመተማና በሁመራ ቆላ የቆየ በሽታ ነው። የሊቦ ጎልማሳ ደግሞ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ቆላ ይወርዳል፣ ብሩን ቋጥሮ ይመለሳል። በሽታው ወደ ወይናደጋው የወጣው ከእነዚህ ተመላሾች ጋር ሳይሆን አይቀርም ይባላል። የት ከረሙ? የሚለው ጥያቄ በየጤና ጣቢያው ቶሎ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ወባ የሚለው መልስ ያን ያህል ባልቆየ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው ማይክሮስኮፕ አይፈልግም፤ ቢላዋም አይፈልግም።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ከታመሙት ውስጥ ሁመራን በስም እንጂ በዓይን የማያውቁ ልጆች ነበሩ። ተውሳኩን የምታዛምተው የአሸዋ ዝንብ በበጋ በሚሰነጠቅ ዋልካ አፈርና በግራር አካባቢ ትራባለች፤ ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት ከብት ጠባቂውም ማሳ ጠባቂውም ደጅ ያድራል። ስለዚህ ሐኪሙ የት ከረሙ ብሎ እዚያ ከቆመ ልጁን ያመልጠዋል። ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት የመኝታውን ነው፦ ቤት ውስጥ ነው የምታድረው ደጅ? ግራር ሥር? ማሳችሁ ዋልካ ነው? ስለ አየር፣ ስለ ውኃና ስለ ቦታ የጻፈው ግሪካዊ የሰውን ጣፊያ በዓይኑ አይቶት አያውቅ ይሆናል፤ እነዚህን ግን ይጠይቅ ነበር።