ዋጋው የቀለለ ሰሌዳና የቤት ንባብ

የዕውቀት መሣሪያ በመጀመሪያ የጥቂቶች ሆኖ ይወለዳል፤ ዋጋው ሲቀል ደግሞ የብዙዎች ይሆናል። መጽሐፍ በብራና ላይ በእጅ ይጻፍ በነበረበት ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በገዳምና በቤተ መንግሥት ነበረ፤ ማተሚያ ከመጣ በኋላ ግን ወደ ብዙ ቤት ገባ። በዘመናችንም ታብሌት የሚባለው፥ ያለ ገመድ ከኢንተርኔት ጋራ የሚገናኝና በጣት እየተነካ የሚሠራ ሰሌዳ በዚሁ መንገድ ተጕዟል። ዛሬ ስለዚህ መሣሪያ መጻፋችን፥ የዋጋው መቅለል ብቻውን ጥቅም የሚመስላቸው ሰዎች ስላሉ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። በ2008 ሚስተር ማይክል አሪንግተን የተባሉ አሜሪካዊ ጸሐፊ፥ በቤት ተቀምጦ ድረ ገጽ ለማንበብ ብቻ የሚያገለግል፥ ዋጋው 200 ዶላር የሆነ ሰሌዳ እንዲሠራ አሳብ አቀረቡ። ነገር ግን በ2009 መጨረሻ ከሥራ ተባባሪያቸው ኩባንያ ጋራ ስለ ተለያዩ አሳቡ ሳይፈጸም ቀረ፤ ኩባንያው ብቻውን ያወጣው ሰሌዳም ዋጋው 499 ዶላር ሆነ። በ2010 በኤፕሪል ወር አፕል የተባለው ኩባንያ አይፓድን መሸጥ ሲጀምር፥ የመነሻው ዋጋ ያው 499 ዶላር ነበረ። መሣሪያው መልካም ነበረ፤ ዋጋው ግን በድኻ ቤት የሚቀመስ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ዋጋን ለማቅለል ከተሞከሩት መንገዶች ሁለቱን እናስታውሳለን።

አንደኛው የሕንድ መንግሥት የያዘው መንገድ ነው። በ2011 ኦክቶበር 5 ቀን አካሽ የተባለ ለተማሪዎች የታሰበ ሰሌዳ ተመረቀ፤ መንግሥቱ የገዛበትም ዋጋ ወደ 50 ዶላር የሚጠጋ ነበረ። አሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ዋጋው እንዲቀንስ ሲባል ፕሮሰሰሩ ዘገምተኛ ሆነ፤ መስተዋቱም ካልተጫኑት የማይታዘዝ ዓይነት ተደረገ። የአይፓድ መስተዋት የጣትን ኤሌክትሪክ ስለሚያውቅ በቀላል መንካት ይታዘዛል፤ የአካሽ ግን ሁለት ስስ ንጣፎች ተጭነው እስኪገናኙ ድረስ አይሰማም ነበረ። አንድ ገጽ ለመክፈት የሚታገል ተማሪ ትዕግሥቱ ከንባቡ አስቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ በ2012 በኖቬምበር ወር አካሽ 2 የተባለ የተሻሻለ ሰሌዳ ወጣ።

ሁለተኛው የነጋዴዎች መንገድ ነው። በ2011 በኖቬምበር ወር የአማዞን ኩባንያ ኪንድል ፋየር የተባለውን ሰሌዳ በ199 ዶላር አቀረበ። በሚቀጥለውም ዓመት የኩባንያው አለቃ ሚስተር ጄፍ ቤዞስ በመሣሪያው ሽያጭ ላይ ትርፍ እንደማይወስዱ ገለጡ፤ ትርፉ የሚጠበቀው ገዢው በኋላ ከሚገዛው መጽሐፍና ፊልም ነውና። ይህ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ገዢው ሰሌዳውን ሲያስገባ ሱቅንም ጭምር ወደ ቤቱ ማስገባቱን ሊያውቅ ይገባል።

በአገራችንም ትምህርት የሚሰጥ ነገር ሆኗል። «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ማኅበር በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ የሁለት መንደር ሕፃናት፥ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ሰሌዳዎችን በታሸገ ሣጥን ያለ አስተማሪ ሰጠ። የማኅበሩ መሥራች ሚስተር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2012 እንደ ተናገሩት፥ አንድ ሕፃን በ4 ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንትም ሕፃናቱ የእንግሊዝኛን ፊደል በዜማ ይሉ ጀመር።

ይህን ስንሰማ በልጆቻችን ብልህነት ደስ ይለናል፤ ደግሞም እናስባለን። ሕፃናቱ የተማሩት በሰሌዳው ውስጥ ያገኙትን ነው። እናቶቻቸው የሚናገሩትን ቋንቋ ቢያገኙ ኖሮ ያንኑ ማንበብ በተማሩ ነበር። ይህም ጕድለት የመሣሪያው አይደለም፤ ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ከ1999 ጀምሮ ገብቷልና፥ ማመካኛ የለንም።

እንግዲህ ለትምህርት ቤትና ለመሥሪያ ቤት ሰሌዳ የሚገዙ ሹማምንት ከዋጋው ዝርዝር አስቀድመው መሣሪያውን በእጃቸው ይዘው ይፈትኑ። መስተዋቱ ይታዘዛልን? ሲሰበር የሚጠግነው በአገር ውስጥ አለን? ባትሪው ቢደክም የሚተካው ይገኛልን? ብለው ይጠይቁ። በ50 ዶላር ተገዝቶ በሣጥን የሚቀመጥ ሰሌዳ፥ በ100 ዶላር ተገዝቶ ዘወትር ከሚነበብበት ይልቅ ውድ ነው።

ደግሞም ብዙ ጊዜ አዋጅና ማስታወቂያ በድረ ገጽ የሚወጣው ወረቀቱ በፎቶግራፍ ተነሥቶ ነው። እንዲህ ያለው ገጽ ለመክፈት ይከብዳል፤ ቃል ለመፈለግ አይመችም፤ በትንሽ መስተዋት ላይም ዓይን ያደክማል። በፊደል ተጽፎ ቢወጣ ግን እጅግ ርካሽ በሆነው ሰሌዳ ሳይቀር ይነበባል። ይህን ለማድረግ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የጸሐፊው ትጋትና የአለቃው ትእዛዝ ይበቃል። ፊደል በማስቈጠር የኖሩ ካህናትም ዕውቀታቸውን ለዚህ ሥራ ቢያውሉት፥ የሚጻፈው ለሕፃናት የሚስማማና ከስሕተት የራቀ ይሆናል።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ የሰሌዳውን ዋጋ ማቅለል የሌሎች አገሮች ሠሪዎችና ነጋዴዎች ደክመውበታል። በውስጡ የሚነበበውን ማዘጋጀት ግን የእኛ ፈንታ ነው፤ ይህን ማንም ሠርቶ አይሸጥልንም።