ግድግዳው ለጋዜጣችን ይተው

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ለአዲስ ገቢ ሠልጣኞች በተደረገው የአቀባበል ዝግጅት ላይ አንድ ነገር ታዘብኩ። ሙዚቃው ሲጀመር መሐል የገቡት ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ነበሩ። የቀረነው ግድግዳ ተደግፈን አየን፣ አጨበጨብን፣ አንዳንዶቻችንም አሾፍን። መምህራኖቻችን ደግሞ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀሩ። እኔም ከተደገፉት አንዱ ነበርኩና ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም።

ያን ምሽት ትዝ ያለኝ አጎቴ ነው። አጎቴ ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ኩባ ከተላኩት በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነው። የሚኖሩት የወጣቶች ደሴት በምትባለው ስፍራ ነበር። ግማሹን ቀን ይማራሉ፣ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በመሰል ፍራፍሬ እርሻ ላይ ይሠራሉ።

አጎቴ ስለ ኩባ ሲያወጋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ዳንሱን ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከእራት በኋላ ሙዚቃ ተከፈተ። ወጥ ቤት ሠራተኛዋ ሽርጧን ሳትፈታ ወጣች፤ የሒሳብ መምህሩ ተከተለ፤ ቀጥሎ ዲሬክተሩ ራሱ! «ማን አገባ? ምን በዓል ነው?» ብሎ ጠየቀ አጎቴ። ማንም አላገባም፣ በዓልም አልነበረም። ሴትየዋ እጁን ይዛ «ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ» እያለች አስረገጠችው። «የስፓኒሽ ቁጥር መጀመሪያ የገባኝ በእግሬ ነው» ይላል ዛሬም እየሳቀ።

እዚያ ካሲኖ የሚባል ዳንስ አለ። ቁማር ቤት እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሐቫና የመዝናኛ ክበቦች ውስጥ የተስፋፋ የጥንድ ዳንስ ነው። ጥንዶቹ ክብ ሠርተው ሲጨፍሩ አንዱ ትእዛዝ ይጠራል፤ በጥሪው መሠረትም ሁሉም ባንድ ጊዜ ጥንድ ይለዋወጣል። ስለዚህ ዲሬክተሩ ከተማሪ፣ አሮጊት ከጎረምሳ ሳይገናኙ አይቀሩም። ሩምባም አለ። እሱን የፈጠሩት በሐቫናና በማታንሳስ ወደብ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ድሆች፣ ብዙዎቹም የአፍሪካ ባሮች ልጆች ናቸው። ከበሮ ሲያጡ የዕቃ ማሸጊያ የእንጨት ሣጥን ይመቱ ነበር። ያ የሣጥን ምት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ስለ ሣጥኑ ስሰማ እኔ ያፈርኩበት ምክንያት አለኝ። ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ፣ እኔ ማባዛት ሳስተምር ዴስኩን በጣቶቹ ይመታ ነበር። ሁለት ጊዜ ተቆጣሁት። በሦስተኛው አስወጥቼ በር ላይ አንበረከክሁት። ከጥቂት ቀናት በኋላ በእረፍት ሰዓት ያው ልጅ ጀሪካን ሲመታ፣ ሌሎቹም በአካባቢያቸው ስልት ሲጨፍሩ አየሁ። ጭፈራውን ስለማላውቀው ለማየት ጠጋ አልኩ። ሁሉም ጸጥ አሉ። ያ ጸጥታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ልጁ እኮ እየቆጠረ ነበር! ማባዛትን በምት ላስተምረው እችል ነበር፤ እኔ ግን አንበረከክሁት።

እንግዲህ ልብ እንበል። ነገ ተመርቀን ወደማናውቀው ወረዳ እንመደባለን። ቋንቋው፣ ምግቡ፣ ጭፈራው አዲስ ይሆንብናል፤ እኛም ያኔ በሰው አገር እንዳለ ተማሪ ነን። አንዱ ትከሻውን ይሰብቃል፣ ሌላው ወገቡን ያወዛውዛል፣ ሌላው መሬት ይረግጣል። በእስክስታ ያደገ መምህር የሌላውን ጭፈራ «እንዴት ነው ደግሞ ይሄ?» ብሎ ቢስቅበት፣ ወላጁ ነገ የሚነግረውን ምክር ይሰማዋል? እኔ አይመስለኝም።

«ትምህርት ይቅደም፣ ጭፈራ ጊዜ ማባከኛ ነው» የሚል ጓደኛ አለኝ። ሥጋቱ ይገባኛል፤ ፈተና እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይጨፈር አላልኩም። ነገር ግን የኩባዎቹ መምህራንም ቅዳሜ ጨፍረው ሰኞ ጠዋት ክፍል ይገቡ ነበር፤ አጎቴ እንደሚለው ማንም ተማሪ በዚህ አልናቃቸውም። ደግሞም እኛ ጭፈራ የጎደለን ሕዝብ አይደለንም። ችግሩ ትምህርት ቤት ስንገባ ጭፈራን ለወላጆች ቀን አምስት ልጆች መርጠን መድረክ ላይ የምናወጣው ትርኢት ማድረጋችን ነው። የቀሩት ልጆች ያኔ ነው ግድግዳ መደገፍ የሚማሩት።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል፣ አንድ ሠልጣኝ የአካባቢውን ጭፈራ ለሁላችንም ያስተምር። የማይችለው ይማር፤ የሚስቅም ካለ እየጨፈረ ይሳቅ። መምህራኖቻችንም ከወንበራቸው ቢነሡ ክብራቸው አይቀንስም። በተመደብንበት ስፍራም መጀመሪያ ልጆቹን «አስተምሩኝ» እንበል፤ በሐዘንና በጾም ወቅት የማይደረገውን ደግሞ ከሽማግሌዎች እንጠይቅ።

እኔ የፊታችን ቅዳሜ እገባለሁ። እግሬ ሊሳሳት ይችላል፤ ምን ይደረግ፣ ተማሪ ነኝ። ግድግዳው ግን ለዚህች ጋዜጣ ይተው፤ ለጀርባችን ሌላ ሥራ እንፈልግለት።