ዓለማየሁ እሸቴ ቀጂ ነበርን?



በእኛ ዘንድ ጊታር ያነሣ ተማሪ ሁሉ «ፈረንጅ መምሰል አማረው» ይባላል። የአዝማሪ አገር በሆነው በጎንደር ምድር፤ ማሲንቆ ሳለ የባዕድ መሣሪያ ምን ያደርጋል የሚሉም አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ለምስክርነትም ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴን አቀርባለሁ።

ዓለማየሁ በ1933 ዓ.ም. ጅማ ተወልዶ ያደገው በአዲስ አበባ ነው። በወጣትነቱ የአሜሪካ ሙዚቃ ልቡን ስለ ማረከው እንደ ኤልቪስ ፕሬስሊ ለብሶና ጠጉሩን አሳድጎ በእንግሊዝኛ ይዘፍን ነበር። ዝናው ከፍ ያለው ግን በአማርኛ መዝፈን ከጀመረ ወዲህ መሆኑን እርሱ ራሱ ተናግሯል። ይህን ቃሉን ልብ በሉልኝ! በፖሊስ ኦርኬስትራ መድረክ ላይ ጩኸቱና ውዝዋዜው የጄምስ ብራውንን ቢመስልም፤ ድምፁን በጉሮሮው ሲያንቀጠቅጠው የሚሰማው የእኛው ቅኝት ነው። ጄምስ ብራውንም ቢሆን ከወገኖቹ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ተነሥቶ ነው ለዓለም የተረፈው።

ደግሞስ ቀጂ ብቻ የሆነ ሰው ይደፍራልን? ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፤ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት (የአባት ስም መመሳሰል ነው እንጂ ወንድማማቾች አይደሉም) በ1969 እ.ኤ.አ. ያን ክልከላ ጥሶ የመጀመሪያውን ሸክላ ሲያወጣ የተቀረጸው የዓለማየሁ ድምፅ ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ሲዘጋው ብዙዎች ተሰደዱ፤ እርሱ ከአገሩ አልወጣም። ከዚያ በኋላ በፈረንሳይ ከታተሙት የ«ኢትዮጲክ» ቅጾች 9ኛው ለእርሱ ብቻ ተሰጠ፤ በ2008 እ.ኤ.አ.ም በኒው ዮርክ ዘፈነ። ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ80 ዓመቱ ዐረፈ። ወላጆቻችን ለጥናት ሲገፋፉን የሚያስታውሱን «ተማር ልጄ» የዚሁ «ቀጂ» የተባለው ሰው ዘፈን ነው።

ሩዝም ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን ነው። ዛሬ እንጀራውም ጠላውም ከሩዝ ይሠራል፤ «የባዕድ እህል» ብሎ የሚጠየፈው ሰው በወረታ ገበያ አላየሁም።

ልብሱንና ጠጉሩን ብቻ የሚቀዳ ተማሪ ቢነቀፍ አልከራከርም። ሌላው ግን ዕድል ይሰጠው፤ በወላጆች ቀን ጊታሩ ከማሲንቆው አጠገብ ይቁም፤ ልጁም ባቲን ወይም አምባሰልን ይጫወትበት፤ ፍርዱን ወላጆቻችን ሰምተው ይስጡ።