ጠብታ ሁሉ «የኋላ ሲል» አይደለም

ጎበዝ፣ ዛሬ ስለ ዲኤክስ ልጽፍ ነው። መኪና የሌላችሁ እለፉኝ፤ ያላችሁ ግን ኪሳችሁን የሚነካ ስለሆነ አንብቡት።

እኛ ጋ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ አንድ አሮጌ መኪና ከሥሩ ዘይት ካንጠባጠበ ፍርዱ ወዲያው ነው፦ «የኋላ ኦይል ሲል ሄዷል፣ ካምቢዮ ይውረድ!» መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት ላይ ጠብታ አየ፣ በቃ። መኪናዋ ሁለት ሦስት ቀን ትቆማለች፤ ፍሪሲዮን ይፈታል፣ ሲሉ ይቀየራል፣ ገንዘቡ ይከፈላል። ሳምንት ሳይሞላ ያቺው ጠብታ እዚያው ቦታ ትመጣለች። እኔ ይህን የእውቀት ማነስ አልለውም። አጥቦ የማየት ስንፍና ነው።

ዘይት ቁልቁል ይወርዳል፤ መኪናዋ ስትሄድ ደግሞ ንፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከላይ ከቫልቭ ክዳኑ የወጣ ዘይት የሞተሩን ጀርባ ይዞ ወርዶ የሚንጠባጠበው ልክ የኋላው ሲል ሥር ነው። የዲኤክሷ 4ኬ ሞተር፣ ያቺ 1290 ሲሲ፣ ዘይት የምታወጣበት ቦታ ብዙ ነው፤ የቫልቭ ክዳኑ ጋስኬት አለ፣ የቤንዚን ፓምፑ መቀመጫ፣ የዲስትሪቢዩተሩ ግርጌ፣ የዘይት መብራቷ ስዊች፣ ኮፓው። እነዚህን ሁሉ ካምቢዮ ሳትነኩ ትደርሱባቸዋላችሁ።

እንዴት ይለያል? ካርቡሬተሩንና ዲስትሪቢዩተሩን በፌስታል ሸፍኑና ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳለ በነጭ ጋዝና በብሩሽ እጠቡ። በተለይ ከገጠር መንገድ የምትመለስ መኪና አቧራውና ዘይቱ ተቦክቶ ሞተሩን ጭቃ ስለሚያለብሰው ሳይታጠብ ምንም አይታይም። ሲደርቅ የጠመኔ ዱቄት ነስንሱበት (ሳስተምር ጠመኔ የት ገባ ትሉኝ ነበር!)። ከዚያ ማንኩሳ ደርሳችሁ ተመለሱና ከላይ ወደ ታች እዩ። ዱቄቱ መጀመሪያ የረጠበበት ከፍተኛው ቦታ እሱ ነው ምንጩ። ከታች ያለው ሁሉ የወረደ ነው። ጠብታውንም አሽትቱ፤ ወፈር ብሎ ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ነው፣ ከሞተሩ ጋር አይገናኝም።

አንድ የድሮ ተማሪዬ በቀደም ደወለ። «ቲቸር፣ ሲሉን ሁለቴ አስቀየርኩ፣ አሁንም ያፈሳል» አለኝ። ሞተሩን አስነሳና የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈተው አልኩት። እንደ ምጣድ ቡፍ ቡፍ ይላል። የመተንፈሻውን ቱቦ ነቅለህ እየው ስለው በደረቀ የዘይት ዝቃጭ ተደፍኗል። ማንኛውም ሞተር በፒስተን ፋሻ በኩል ትንሽ ጋዝ ወደ ታች ያሳልፋል። መውጫው ከተደፈነ ግፊቱ ዘይቱን ባገኘው ሲል ይገፋዋል፣ አዲስም ይሁን አሮጌ። ቱቦው ተጠረገ፣ ጠብታው ቆመ። እርግጥ ቱቦው ንጹሕ ሆኖ ጭሱ ካልቀነሰ ፋሻው አልቋል ማለት ነው፤ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው።

ስለ ሲሊኮንም አንድ ነገር ልበል፣ አንጀቴን ስለሚያቃጥለኝ። ጋስኬት በመቀየር ፈንታ ሲሊኮን እንደ ቅቤ የምትለቀልቁ ልጆች፣ ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርሶ ኮፓ ውስጥ ይወድቅና የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይዘጋል። ጠብታ አቆማለሁ ብሎ ሞተር መግደል ነው። የቫልቭ ክዳኑንም ብሎን አታክርሩ፤ ስስ ቆርቆሮ ስለሆነ ይጣመምና የባሰ ያፈሳል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ዱቄቱ ከላይ ደረቅ ሆኖ ከመጋጠሚያው ብቻ የሞተር ዘይት ከወጣ፣ አዎ፣ የኋላው ሲል ነው፤ ካምቢዮው ይውረድ። ከወረደ አይቀር ግን የፍሪሲዮኑን ሸራ አብራችሁ እዩት፤ ዘይት ጠጥቶ ከሆነ በወሩ ዳግም ታወርዱታላችሁ።