ሕፃን በሕክምና ስሕተት ሲጎዳ ማን ይጠየቃል?

ምጥ የያዛት እናት ከኮምቦልቻ ተነሥታ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ስትደርስ የምትመኘው ልጇን በሰላም መታቀፍ ነው። ብዙዎቹ ታቅፈው ይመለሳሉ፤ ለዚህም ሐኪሞቻችንና አዋላጆቻችን ምስጋና ይገባቸዋል። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ጥቂቶቹ ነው፤ ምጧ ሲራዘም ተመልካች ስላጣችውና ልጇ ታፍኖ ስለ ተወለደባት፣ መርፌ ያለ ቦታው ተወግቶ የልጇ እግር ስለ ሰለለባት እናት።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በወሎ የሚባለው የታወቀ ነው። ሙስሊሙ «አላህ ያመጣው ነው» ይላል፤ ክርስቲያኑም «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብሎ ያለቅሳል። ነገሩ ከበረታ አባጋሮች ይገቡና ጥቂት ገንዘብ ተቆርጦ እርቅ ይወርዳል። እርቅን አንነቅፍም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ የማይራመድ ልጅ የሚያስፈልገው ሳይሰላ የሚወርድ እርቅ ለማን እንደሚመች ማንም ያውቀዋል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ግዴታውን ባለማወቅ ወይም በቸልተኝነት ደንቡን ቢጥስ ኀላፊ ነው። ቁጥር 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋሙን ራሱን ቀጥሮ ስለሚያሠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ተጠያቂ ያደርገዋል። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋው መንግሥት እንደሚከሰስ በቁጥር 2126 ተጽፏል። እንግዲህ ወላጆች ስለ ልጃቸው ሆነው መክሰስ ያለባቸው አንዲት ደመወዝተኛ ነርስን ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ክፉ ውጤት ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ ሐኪም የሚገባው ውል የተቻለውን ሊያደርግ እንጂ ሊያድን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ዕቃው ባዶ በቀረ ጊዜ፣ ኦክስጅን ያጣ ሐኪም ምን ይባላል? ኦክስጅን እያለ ተኝቶ ያደረ ግን ሌላ ነው። ይህን ለመለየት ነው ዳኛ የሚያስፈልገው።

ትልቁ ችግር ጊዜው ነው። በቁጥር 2143 መሠረት ካሣ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ሲወለድ አንጎሉ የተጎዳ ልጅ ግን ጉዳቱ ቶሎ አይታወቅም። እናቲቱ «ትንሽ ዘገየ እንጂ ይሄዳል» እያለች ስትጠብቅ ሁለቱ ዓመት ያልፋል። ድርጊቱ በወንጀል የሚያስቀጣ ሆኖ የወንጀሉ የይርጋ ዘመን ከዚህ የረዘመ ከሆነ በእርሱ መጠቀም ይቻላል፤ ክሱ በውል ላይ ቢመሠረትም የቁጥር 1845 የ10 ዓመት ይርጋ ሊነሣ ይችላል። በዚህ የሕግ ተማሪዎች ይከራከሩበት፤ ባላገሩ ግን ክርክሩን ሳይጠብቅ በሁለቱ ዓመት ውስጥ ቢከስስ ይሻለዋል።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ልብ ይባል። የሕሊና ጉዳት ካሣ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ብር በሬ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ለአንድ ሕፃን የወር ወተት አይበቃም፤ ይህ አንቀጽ ሳይሻሻል መቆየቱ ያሳፍራል። ለቁሳዊው ጉዳት ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳት እንኳ አስቀድሞ ይካሣል። ስለዚህ በአቤቱታው ላይ የልቅሶው ብዛት ሳይሆን ተሽከርካሪ ወንበሩ፣ የደሴ ምልልሱ፣ እናት ሥራ የፈታችበት ዘመን በብር ተተምኖ ይጻፍ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በቸልተኝነት ሰው የገደለን ሐኪም በቁጥር 543 ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይቀጣል፤ አካል ላጎደለም ቁጥር 559 አለ። ሆኖም የነርሲቱ መታሰር ልጁን አያበላውም። የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴም ጥፋቱን ይመረምራል እንጂ ካሣ አይቆርጥም፤ ውሳኔው ግን በፍርድ ቤት እንደ ማስረጃ ሊጠቅም ይችላል። የፌዴራሉ ኮሚቴ የሰጣቸው 125 ውሳኔዎች ተጠንተው በ2019 እ.ኤ.አ. ታትመዋል፤ መምህራኖቻችን ለተማሪዎች ቢያስነብቡልን እንወዳለን።

ገንዘብ የሌለውም ተስፋ አይቁረጥ፤ የ1958 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ በድህነት ያለ ዳኝነት መክፈል ይፈቅዳል። ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃው ነው። ካርዱ በሐኪም ቤቱ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ፍርድ ቤት እንዲያስቀርበው መጠየቅ ያስፈልጋል። ካርዱን አንብቦ «ይህ ከደንቡ ውጭ ነው» የሚለው ምስክር ደግሞ ሌላ ሐኪም ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ የተከሳሹ የትምህርት ጓደኛ ነው።

ስለሆነም ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የሕግ ተማሪዎች ነጻ የሕግ ድጋፋቸውን በሳምንት አንድ ቀን ወደ ሆስፒታሉ ደጅ ያውጡት። የሕክምና መምህራንም ፍርድ ቤት ሙያዊ አስተያየት ሲጠይቅ ከሌላ ከተማ ካሉ ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው በጽሑፍ የሚመልሱበት ቡድን ያቋቁሙ። መልሳቸውን በሚቀጥለው ዕትም ለማውጣት ቦታ ትተናል።