መብል ሆኖ የማይበላ

ማዕድ የሚዘረጋው ለመቍረስ ነው። በበዓል ቀን በገበታ መካከል የሚቀመጠው መብል ምንም ያኽል ቢያምር፥ ክብሩ የሚፈጸመው ተቈርሶ ለተቀመጡት ሁሉ ሲዳረስ ነው። በዘመናችን ግን ከዚህ የተለየ ልማድ ከአገር ወደ አገር እየሰፋ ስለ ሄደ፥ ጥቂት ቃል ልንናገርበት ይገባል። ይኸውም በአውሮፓና በአሜሪካ ለልደት በዓል ከብስኩት የሚሠራው የገበታ ጌጥ ነው።

አሠራሩን ላላየ አንባቢ ባጭሩ እንግለጥ። ዱቄት በማርና በቅቤ ይለወሳል፤ ዝንጅብል፥ ቀረፋና ቅርንፉድ ይገባበታል። ሊጡ በስሱ ተዳምጦ፥ አስቀድሞ በወረቀት በተለካው መጠን ግድግዳና ጣሪያ ሆኖ ይቈረጣል። ከተጋገረና ከደረቀ በኋላ የዕንቍላል ነጭ ከደቀቀ ስኳር ጋር ተመትቶ ግድግዳውን ከግድግዳ ያያይዘዋል፤ ሲደርቅም እንደ ኖራ ይጠነክራል። ያው ስኳር በረዶ መስሎ ጣሪያውን ያለብሰዋል፤ ከረሜላውም በር፥ መስኮትና አበባ ይሆናል። እንዲህ እየተባለ ቤት፥ አንዳንድ ጊዜም መንደር ሙሉ በገበታ ላይ ይቆማል።

የጥበቡ መነሻ የሚነቀፍ አይደለም። በጀርመን አገር የኑርንበርግ ጋጋሪዎች በከተማቸው ዙሪያ ካለው ዱር የሚገኘውን ማር በንግድ ከሚመጣላቸው ቅመም ጋር አዋሕደው ሌብኩኸን የሚባለውን ብስኩት ይጋግሩ ነበር፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1643 ዓ.ም. ለብቻቸው የሙያ ማኅበር ቆመላቸው። ዝናቸው የተነገረው ብስኩታቸው ስለ ጣፈጠ ነው። ከዚያ በኋላ በ1812 ዓ.ም. የግሪም ወንድማማቾች ያሳተሙት የሐንዘልና የግሬተል ተረት፥ ግድግዳው ዳቦ፥ ጣሪያው ኬክ፥ መስኮቱ ስኳር የሆነ ቤት በሰው ልቡና አሳደረ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ተረት አስተውል። የተራቡት ልጆች ከቤቱ በደረሱ ጊዜ ቈርሰው በሉት እንጂ ቆመው ሲያደንቁት አልዋሉም። ቤቱን ለማባበያ ያቆመችው ጠንቋይቱ ናት። የዛሬዎቹ ጌጥ ሠሪዎች ግን የልጆቹን ትተው የጠንቋይቱን አሳብ የያዙ ይመስላሉ፤ ዓይንን የሚያባብል፥ ሆድን ግን የማያጠግብ ቤት ይሠራሉና።

በአሜሪካ በአሽቪል ከተማ ግሮቭ ፓርክ በሚባለው ሆቴል ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የዚህ ሥራ ውድድር ይደረጋል። ሕጉ ጌጡ በሙሉ ከሚበላ ነገር ይሠራ ይላል። መልካም ሕግ ነበረ፤ ነገር ግን የቀረበውን ማንም አይበላውም። ሳምንታት ያኽል በአዳራሽ ለተመልካች ቆሞ አቧራ ይጠጣል። የማይበላ ከሆነ፥ የሚበላ ይሁን ብሎ ማዘዝ ስለ ምን አስፈለገ? በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በቴክሳስ በብራያን ከተማ ሰው የሚገባበት ታላቅ የብስኩት ቤት በእንጨት ማገር ላይ ቆመ፤ 7,200 ዕንቍላልና ከ800 ኪሎ የሚበልጥ ቅቤ ፈጀ። ገቢው ለሕሙማን መርጃ ነበረና በጎ አሳቡን አንነቅፍም። ዳሩ ግን ለሕሙማን ገንዘብ ለማግኘት ያን ያኽል ቅቤና ዕንቍላል በአደባባይ ማድረቅ ግድ ነበርን?

የሚቃወሙን ሰዎች ሦስት ነገር ይላሉ። አንደኛው፥ ሥራው ልጆችን ትዕግሥት ያስተምራል፥ ቤተ ሰብንም ይሰበስባል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ልጁ ሳምንት ሙሉ የደከመበት ቤት በመጨረሻው ቀን ከቈሻሻ ጋር ሲጣል ያያል፤ ያን ቀን የሚማረው ምንድር ነው? ሁለተኛው፥ በኖርዌይ በበርገን ከተማ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራውን የብስኩት ከተማ ያነሣል፤ በ2009 ዓ.ም. ክፉ ሰው ገብቶ ባፈረሰው ጊዜ ሕዝቡ እንደ ገና ጋግሮ አቆመው። የሕዝቡን ኅብረት እናመሰግናለን፤ ያ ኅብረት ግን አብሮ በመጋገር የተጀመረ እንደ ሆነ፥ አብሮ በመብላት ቢፈጸም ምን ይጐድልበታል? ሦስተኛው፥ «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለውን ያገራችንን ምሳሌ ይጠቅሳል። ምሳሌው ግን የባለቤቱን ብሩህ ፊት ከመብሉ አስበለጠ እንጂ፥ እንግዳ ፍትፍት እያየ ጦሙን ይደር አላለም።

የሚሻለውን መንገድ ስዊድኖች ያውቁታል። በጃንዋሪ 13 ቀን የልደቱ ወራት ሲፈጸም፥ የዛፉ ጌጥ ይወርዳል፤ ልጆች ተሰብስበው የብስኩቱን ቤት ሰባብረው ይበሉታል። እነሆ፥ ጌጥነቱም መብልነቱም በአንድነት ተጠበቀ።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው፥ እኛን ምን አገባን የሚል አይታጣም። ነገር ግን በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ይህን ቤት በዲሴምበር ወር በትምህርት ቤት ሠርተው ይዘው ይገባሉ። ወሩ ጾመ ነቢያት ነውና፥ ቅቤና ዕንቍላል ያለበትን ነገር በጾመኛ ቤት የሚቀምሰው የለም። በጃንዋሪ 7 ቀን በዓላችን ሲደርስ፥ ቤቱ ወይ ተጥሏል፥ ወይ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ከሥራው አይከልክሉ፤ ጊዜውን ያዛውሩላቸው እንጂ። በጾሙ መጨረሻ ሳምንት ትንሽና ጣፋጭ አድርገው ከልጆቻቸው ጋር ይሥሩት፤ በበዓሉም ቀን ከድፎ ዳቦው አጠገብ ያኑሩት።

ድፎ ዳቦአችን በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲጋገር ሽታው ቤቱን ይሞላል፤ በገበታ መካከልም እንደ ንጉሥ ይቀመጣል። ሆኖም እንዳማረ ይቀመጥ የሚል አባት አይገኝም፤ ይባርከዋል፥ ይቈርሰዋል፥ ከልጅ እስከ ሎሌ፥ ከቤተ ሰብ እስከ ጎረቤት ያዳርሰዋል። የብስኩቱም ቤት በዚያው ቢላዋ ይፍረስ፤ ጣሪያው ለልጆች፥ ግድግዳው ለእንግዶች፥ የተረፈውም በደጅ ለቆመው ድኻ ይድረስ። በበዓል ማግሥት ባዶ ሆኖ ከሚታይ ሰሃን የበለጠ ጌጥ የለም።