የሚቆራርጥ ሞተር በታመመበት ሰዓት ይመርመር

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ሞተር ቢስክሌት መጻፋችን አንዳንድ ክቡራን አንባቢዎችን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን በይፋት ቆላ ሞተር ቢስክሌት ለብዙ ቤት በቅሎም እንጀራም ስለ ሆነ፤ እርሱ ሲታመም የሚጎዳው ነጂው ብቻ ሳይሆን ቤተ ሰቡ ሁሉ ነው።

ሸዋ ሮቢት በደሴ መንገድ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በዚያ የሚኖር አንድ ዘመዳችን ዕድሜው የገፋ ሞተር ቢስክሌት አለው። ጧት በቀዝቃዛው ጊዜ ያለ አንዳች እንከን ይሄዳል። በጀውሃ በኩል ወደ ሰንበቴ ገበያ ሲጓዝ ግን፤ ፀሐይዋ ከረር ስትል ሞተሩ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ጥቂት ቆይቶም ይጠፋል። ከግራር ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት ያህል አርፎ ሲረግጠው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሣል።

ዘመዳችን ሦስት መካኒኮች ዘንድ ወሰደው። አንዱ ካንዴላ ለወጠ፤ ሁለተኛው ካርቡራቶር አጠበ፤ ሦስተኛው «ሞተሩ ይፈታ» አለ። ለዚህ የሚከፈለውም ገንዘብ ለሴት ልጁ ትምህርት የተቀመጠው ነበረ። ሊከፍል በተነሣበት ማታ ሚስቱ እንዲህ አለችው፤ «የወባ ትኩሳት ቀጠሮ እንዳለው እርስዎ ያውቃሉ። ልጃችን ትኩሳቱ ሲተወው ሮጦ ይጫወት ነበር፤ ሲነሣበት ይወድቅ ነበር። ይህም ሞተር እንዲሁ ነው። መካኒኮቹ የሚያዩት ቀዝቅዞ ሲድን እንጂ ሲታመም አይደለም። ስለ ምን በታመመበት ቦታ አይመረምሩትም?»

ይህ ቃል የምርመራው ሁሉ መሠረት ነው። ሞተር እንዲሠራ ቤንዚን፤ አየርና በሰዓቷ የምትደርስ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ያሹታል። ከእነዚህ የጎደለው የትኛው እንደ ሆነ በግልጥ የሚታወቀው ሞተሩ በጠፋበት ደቂቃ ነው። ስለዚህ መንገደኛ አንድ ደኅና ካንዴላ በኪሱ ይያዝ።

ሞተሩ በጠፋ ጊዜ አስቀድሞ የቤንዚኑን ክዳን ይክፈት። የክዳኑ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ በአቧራ ከተደፈነ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማልና፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ መድኃኒቱ ቀዳዳውን መጥረግ ነው። ካልተነሣ ክዳኑን መልሶ ይግጠም። ቀጥሎ ኮፍያውን ከሞተሩ ካንዴላ ነቅሎ በያዘው ካንዴላ ላይ ይሰካ፤ የዚህንም ብረት በሞተሩ ራስ ብረት ላይ አስደግፎ፤ በእጁ ሳይነካው፤ ቁልፉን ከፍቶ የማስነሻውን መርገጫ ይርገጥ። የሞተሩ ካንዴላ በቦታው ስለሚቀር የቤንዚን ትነት ወጥቶ እሳት አይዝም። በፀሐይ ብልጭታ አትታይምና በልብስ ያጥላበት። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ከታየች ወደ ቤንዚኑ ይመለስ፤ ቀይና ቀጭን ከሆነች ወይም ጨርሳ ከጠፋች ግን ጥፋቱ በኤሌክትሪኩ መንገድ ነው።

ከዚያ በኋላ ከርካሹ ወደ ውዱ አንድ በአንድ መሄድ ይገባል። የማጥፊያው ቁልፍ በስሕተት ተዘግቶ እንደ ሆነ፤ ኮፍያውም ተሰንጥቆ እንደ ሆነ ይታይ። በጨለማ ሞተሩ ሲሠራ ከወፍራሙ ሽቦ ላይ ብልጭታ ካመለጠች ልባሱ አርጅቷል። በአሮጌ ሞተር ኤሌክትሪኩን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ጫፎች ተቃጥለው ከጠቆሩ ኮንደንሰሩ ይጠርጠር። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ የቀረው ቦቢናው ነው፤ በውስጡ የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ተሰብሮ እንደ ሆነ ሲሞቅ ስብራቱ ይለያያል፤ ሲበርድ ተመልሶ ይገጥማል።

ዘመዳችንም በሰንበቴ መንገድ ይህንኑ ፈተነ። በጠፋበት ደቂቃ ብልጭታ አልነበረችም፤ ካረፈ በኋላ ተመለሰች። ሌላውን ሁሉ መርምሮ ደኅና ሆኖ ስላገኘው፤ ተመሳሳይ ሞተር ካለው ወዳጁ ቦቢና ተውሶ በዚያው መንገድ በዚያው ሰዓት ነዳ፤ ሞተሩም አልቆራረጠም። ከዚህ ወዲያ ገዛ እንጂ አስቀድሞ አልገዛም። የልጅቱም ገንዘብ ለትምህርቷ ዋለ።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር በዚያ ለአየሩ የበዛ ቤንዚን ስለሚያወርድ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል። ስለዚህ አቀበቱን ሲወጣ ቆራርጦ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ የሚድን ሞተር ቦቢናው ከመጠርጠሩ በፊት ካርቡራቶሩ ይታይ።

ሞተሩ የት፤ በስንት ሰዓት፤ ከምን ያህል መንገድ በኋላ እንደ ታመመ በወረቀት ጽፎ መያዝ ለመካኒኩም ለባለ ገንዘቡም ይረዳል። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ሞተር ግን በሽታውን የሚደብቀው እኛ ሲድን ብቻ ስናየው ነውና፤ ሲታመም እንየው።